ስም ልንገዛ ነው ወይስ ጊታር?

የማኅበራችን የሙዚቃ ክበብ ለዓመቱ ከተመደበለት ገንዘብ አብዛኛውን አውጥቶ፣ ታላቅ ስም የተጻፈበት አንድ የኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት አስቧል። ጉዳዩም በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል ተብሏል። እኔ በበኩሌ እቃወማለሁ። መቃወሜ ሙዚቃ ጠልቼ አይደለም፤ በክበቡ ዕቃ ቤት ግድግዳ ተደግፈው አቧራ የለበሱትን ሦስት ጊታሮች በዓይኔ ስላየሁ ነው እንጂ።

«እነዚያማ ተበላሽተዋል» ይባላል። ምናቸው እንደ ተበላሸ የጠየቀ ግን የለም። አንደኛው ክሩ ከአንገቱ እጅግ ርቆ፣ እርሱን ለመጫን የቀጥቃጭ ጣት ያሻል። ሁለተኛው ክሩ ሳይጫን ሲመቱት ይስማማል፤ ወደ አንገቱ መካከል ሲወርዱ ግን ይሳሳታል። ሦስተኛው ድምፁን ለመጨመር ቁልፉን ሲያዞሩት ይንጫጫል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የሦስቱም ሕመም መድኃኒቱ ካቻቢቴ፣ ትንሽ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍና ትዕግሥት ነው።

የመጀመሪያውን እንመልከት። ስድስት ክሮች ተወጥረው ሲኖሩ አንገቱን እንደ ደጋን ይስቡታል። ይህን እንዲቋቋም በአንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ ተቀብሯል፤ ጫፉ ላይ ያለውን ብሎን ሲያጠብቁት አንገቱ ይቃናል፣ ሲያላሉት ይጎብጣል። በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ አዙሮ፣ ክሩን እንደገና ቃኝቶ ማየት ነው፤ በጉልበት የሚያዞር ሰው ዘንጉን ይሰብረዋል። አንገቱ ከተስተካከለ በኋላ በድልድዩ ላይ ያሉትን ብሎኖች ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በ12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ቢኖር ለአብዛኛው ተጫዋች ይመቻል። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ተማሪዎች በታላቅ ጉጉት ወደ ክበቡ ይመጣሉ፤ ያንን ከፍ ያለ ክር ሲጫኑ ጣታቸው ያብጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት «ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም» ብለው ይቀራሉ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። ስንት ጊታር መቺ በዚህ መንገድ እንዳጣን ማን ያውቃል?

የሁለተኛው ጊታር ነገር ትንሽ ይረቃል። 12ኛው ፍሬት በክሩ ርዝመት እኩሌታ ላይ ነው። ነገር ግን ክሩ ሲጫን ስለሚወጠር ድምፁ ከሚገባው በላይ ወደ ቀጭን ይሄዳል፤ ስለዚህ ክሩ በድልድዩ ላይ የሚያርፍበት ብረት በጥቂቱ ወደ ኋላ ይገፋል። መፈተኛው ቀላል ነው። በ12ኛው ላይ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ነካ ብቻ አድርጎ ማስጮህ፣ ቀጥሎ ተጭኖ ማስጮህ። የተጫነው ከቀጠነ ብረቱን ወደ ኋላ፣ ከወፈረ ወደ ፊት ማንቀሳቀስ። አስቀድሞ ግን አዲስ ክር ይግባ፤ የዛገ ክር በምንም ቢሉት አይቃናም።

እዚህ ላይ የራሳችን ጉዳይ ይመጣል። ክራር ደርዳሪ የሚፈልገውን ድምፅ መቃኛውን እያዞረ ጆሮው እስኪረካ ያገኘዋል። ጊታር ግን ኦክታቩን በ12 እኩል ደረጃ ከፍሎ በብረት ቸንክሮታል። አንቺሆዬን በድሮው ዘፋኝ አንደበት የሰማ ሰው፣ አንዳንዱ ድምፅ በሁለት ፍሬቶች መካከል እንደሚወድቅ ያውቃል። ታዲያ ጊታር መቺው ክሩን በጣቱ ወደ ጎን እየገፋ ያንን ድምፅ መፈለግ አለበት። ለዚህም ቀጭኑ ክር ከአንድ ሺኛ ኢንች 9 የሚጀምረው ስብስብ፣ ከ10 ከሚጀምረው ይልቅ ለጣት ይታዘዛል። ሆኖም የድሮዎቹ ስትራቶካስተሮች አንገታቸው ክብነቱ የበዛ፣ ማለትም ራዲየሱ 7.25 ኢንች ስለሆነ፣ ክሩ በጣም ዝቅ ካለ ሲገፉት ከላይኛው ፍሬት ጋር ተጋጭቶ ይታፈናል። እንግዲህ ለእኛ ዜማ የሚስማማው ልክ የራሱ ነው፤ ማንም ፋብሪካ አስተካክሎ አይልክልንም።

ሦስተኛው ጊታር ላይ ብዙ አልዘገይም። መንጫጫቱ ብዙውን ጊዜ ከቆሸሸ የድምፅ ቁልፍ ወይም ገመዱ በሚሰካበት ከላላ ብየዳ ነው፤ ራዲዮ የሚጠግን ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል።

«ጥሩ ዕቃ ጥሩ ዋጋ አለው» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ልክ ናቸው። ፌንደር በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስትራቶካስተርም፣ ጊብሰን በ1952 ያወጣው ሌስ ፖልም ስማቸውን ያገኙት በሥራቸው ነው። ዳሩ ግን ውዱም ጊታር እንጨት ነው፤ በጋ ሲደርቅ ክረምት ሲረጥብ አንገቱ ይንቀሳቀሳል። የሚያስተካክለው ሰው ከሌለ በሁለት ዓመት ውስጥ ከእነዚያ ከሦስቱ አጠገብ አራተኛ ሆኖ ይቆማል። ደግሞስ ስም ምን ያደርጋል? ኤዲ ቫን ሄለን ዓለምን ያስደነቀበትን ጊታር ከርካሽ ገላና አንገት ገጣጥሞ፣ ከጊብሰን የወጣ ፒክአፕ አስገብቶ የሠራው ራሱ ነው። ብራያን ሜይ በ1963 እ.ኤ.አ. ገና ተማሪ ሳለ ከአባቱ ጋር ጊታሩን መሥራት ሲጀምር አንገቱን የጠረበው ከአሮጌ የምድጃ እንጨት ነበር፤ ከሞተር ብስክሌት የተወሰደ ስፕሪንግም ገብቶበታል። በኋላ ከክዊን ጓድ ጋር ዓለምን የዞረው በዚያው ነው።

የግድ ይገዛ ከተባለም፣ የሚገዛው ሰው ወደ ሱቅ ሲሄድ መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን ይተወው። አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ ጠማማ መሆኑን ይይ፤ በእያንዳንዱ ክር ላይ እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ያስጩህ፤ መቃኛዎቹ መያዛቸውን ይፈትን። ቀለሙንና ስሙን በመጨረሻ ይመልከት።

በስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከገንዘቡ ጥቂቱ ለክርና ለመሣሪያ ይዋል፤ ጥቂቱ እነዚህን ሦስቱን እያስተካከለ ለአምስት ወይም ለስድስት አባላት ለሚያስተምር ባለሙያ ይከፈል፤ የተረፈው ይቀመጥ። አንድ ነገር ግን ስብሰባ እስኪጠራ አይጠብቅ። የአዳራሹ ሶኬት የመሬት መስመር እንዳለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይታይ። በ1972 እ.ኤ.አ. ሌስሊ ሃርቪ የተባለ የስኮትላንድ ጊታር መቺ በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የመሬት መስመር የሌለው ማይክሮፎን ነክቶ በኤሌክትሪክ ሞቷል። የእኛ ልጆች በየሳምንቱ ዓርብ በዚያ አዳራሽ በአንድ እጃቸው ክር፣ በሌላው ማይክሮፎን ይዘው ይለማመዳሉ።