የዐሥር ሰዓቷ ሻይ ተወደደች ወይስ እኛ ረከስን?

«ና እስቲ ሻይ ቡና እንበል!» የምትለው ግብዣ ከአዲስ አበባ ሰው አፍ እየጠፋች ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሁለት ወዳጆች መንገድ ላይ ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው፣ የልጅ የእናት ደህንነት ተጠያይቀው፣ ከካፌው በር ሁለት እርምጃ ላይ ይቆሙና «በል እንግዲህ እንደዋወላለን» ተባብለው ይለያያሉ። ማንም ማንንም አይጋብዝም፤ የጋበዘ ይከፍላላ! ያ «በእኔ ሞት! ሂሳቡን ለእኔ ተወው!» እያለ የአስተናጋጇን እጅ ይዞ ሲታገል የኖረ ሕዝብ፣ ዛሬ ሂሳብ ሲመጣ ስልኩን ያወጣና ያልተላከለትን መልእክት ማንበብ ይጀምራል። አይ ጊዜ!

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው። በዐሥር ሰዓት ከቢሮ ወጥቶ ሻይ መጠጣት ገንዘቡን ያህል ዋጋ አለው ወይ? «አገር በስንት ነገር እየታመሰች አንተ ስለ ሻይ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይበለኛ! የባለሥልጣን ሪፖርት የሰማ ሁሉ ጠግቦ ያደረ ይመስለዋል፤ የሻይ ብርጭቆ ግን አትዋሽም።

እስቲ እንደምር። የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ እስከ 2017 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ 1,100 ብር ነበረ። በዚያው ዓመት 4,760 ሆነ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ተባለ፤ በዲግሪ ለሚቀጠረው 11,500 ብር። ቁጥሩን በቴሌቪዥን ለሰማ ሰው ያስጨበጭባል። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን ከ6,000 ብሩ ላይ ለጡረታ 420፣ ለግብር 700 ብር ይነሳል፤ እጅ የሚገባው 4,880 ብር ነው። ሻይዋን በመለስተኛ ካፌ 30 ብር ናት እንበል። (ያነሰ የሚሸጥበት ሰፈር አለ፤ ቦሌ ከሄዳችሁ ግን ይቺ 30 ብር ለአስተናጋጅ ጉርሻም ታሳፍራለች።) በወር 22 የሥራ ቀን በ30 ብር 660 ብር! ቦንቦሊኖ የለበት፣ ወዳጅ የለበት፣ ብቻ ለብቻ የተጠጣች ደረቅ ሻይ ናት። ባለ ዲግሪውስ? ማኪያቶ ለምዷል እንበልና በ80 ብር ሂሳብ በወር 1,760 ብር ያወጣል። ግብርና ጡረታ ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው 8,595 ብር ስለሆነ፣ እጁ ከሚገባው አምስት ብር አንዱ አረፋ ለብሶ ይሄዳል ማለት ነው። የቤት ኪራይ ገና አልተነሳም። ጤፍ አልተነሳም። የልጅ ትምህርት ቤትማ አይነሳብኝ!

ለምን ተወደደች ካላችሁ፣ የካፌውን ባለቤት ብቻ መርገም ደግ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይተመን ተብሎ ሲለቀቅ፣ በባንክ በ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ከመቶ ብር በላይ ወጣ። ውሽውሽና ጉመሮ የሚለቀመው ሻይ ቅጠል የራሳችን ነው፤ ዶላር ተከፍሎበት አልመጣም። ስኳሩ ግን አለ፤ የማሽኑ መለዋወጫ አለ፤ ወተቱን ጭኖ የሚመጣው መኪና ነዳጅ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በዓመት በዓመቱ «ጨምር ወይም ልቀቅ» የሚለው አከራይ አለ። በዚህ ላይ ቫት 15 በመቶ። ቡናማ ብሶበታል። በ2017 በጀት ዓመት ቡና ወደ ውጭ ልከን ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘን ተብሎ ደስ ብሎናል፤ የቡናው አገር ሰው ግን ማኪያቶውን ትቶ ወደ ስፕሪስ፣ ስፕሪሱንም ትቶ ወደ ሻይ ወርዷል። ከሻይ በታች ያለው ሙቅ ውኃ ብቻ ነው።

እንግሊዞች የከሰዓት ሻይን ልማድ ያመጣችው በ1840ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) አና የምትባል የቤድፎርድ መስፍን ሚስት ናት ይላሉ። ሴትዮዋ በምሳና በእራት መካከል ሆዷን ሞረሞራት አሉ፤ ሻይና ኬክ አስቀረበች፤ ወዳጆቿን ጠራች፤ ፋሽን ሆነ። በእኛ ከተማ ደግሞ ሻይ በዳቦ ራሱ ምሳ የሆነለት ሰው ስንት ነው? እሱ በምሳና በእራት መካከል ሻይ አይጠጣም፤ ሁለቱንም በሻይ ነው የሚያልፋቸው።

«እቤትህ አፍልተህ አትጠጣም?» የሚሉ ብልሆች አሉ። ሂሳባቸው ትክክል ነው። አንድ ፓኬት ሻይ ቅጠል፣ ትንሽ ቀረፋና ቅርንፉድ፣ ሩብ ኪሎ ስኳር ቢገዛ ቤተሰቡን ሰንብቶ ያጠጣል። እናቶቻችንም ይህን ከእኛ ቀድመው አውቀውታል፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ የኖረው በተራ ነው፤ ማንም ለማንም ሂሳብ አምጪ ብሎ አያውቅም። ግን እኮ ጎረቤት ሲኖር ነው! ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው ኮንዶሚኒየም ደርሶት አራተኛ ፎቅ ወጥቷል፤ የበላዩን የበታቹን አያውቅም። በአንድ ክፍል ቤት ከሚስትና ከሁለት ልጆች ጋር የሚኖረው ተከራይስ እንግዳ ወዴት ያስገባል? በር በተንኳኳ ቁጥር አከራይዋ «ማነው?» ብላ ትወጣለች፤ ውኃና መብራት በእንግዳ ልክ ይሰላል።

ስለዚህ ካፌ ገብተን የምንገዛው ሻይ ብቻ ነው ብለን ራሳችንን አናታልል። የምንከራየው ወንበር ነው! የሰፈሩ ዕቁብ የሚጣለው የት ነው? ሻይ ቤት። የተጣሉ ባልና ሚስት በሽማግሌ የሚታረቁት፣ ሥራ ፈላጊው ደላላውን የሚያገኘው፣ የሚፋቀሩ ልጆች ከቤተሰብ ዓይን ርቀው «እንዴት እናድርግ?» የሚባባሉት የት ነው? ጋዜጣስ ቢሆን? አራት ኪሎ ጋዜጣ ከአዟሪ በኪራይ ወስዶ፣ ካፌ በረንዳ ላይ በአንዲት ሻይ ለአራት ተካፍሎ ያነበበና የተከራከረ ትውልድ እኮ ነን። በዚያች ብርጭቆ ዙሪያ ስንቱ መንግሥት ወድቋል፣ ስንቱ ተሹሟል! ከኋላ ወንበር ጀርባውን ሰጥቶ የሚያዳምጠው ጆሮ ጠቢ እንኳ ሳይቀር የቤቱ ደንበኛ ነበረ። ዛሬ እሱም የጠፋ ይመስለኛል፤ አበሉ ሻይ አይችልማ!

አሁን አሁን አንዳንዱ ቤት ገና ሳትጨርሱ ብርጭቆውን ያነሳባችኋል። «ሌላ የሚታዘዝ አለ?» ትላለች ልጅቷ፤ ትርጉሙ ተነሱ ነው። ልጅቷ ላይ አልፈርድም፣ ታዝዛ ነው። ባለቤቱም ወንበሩን በኪራይ ልክ ካላሽከረከረው ይዘጋል። ግን ሰው ተቀምጦ የሚያወራበት ቦታ በሰዓት ሲሸጥ ከተማዋ ምን ሆና ትቀራለች?

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ከፒያሳ ጀምሮ ኮሪደር ልማት በሚባለው ከተማዋ ተቆፍራ ተሠርታለች፤ በ2017 መግቢያ ካዛንቺስ ተከተለ። ሐቁን መናገር ካለብን መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ መቀመጫም ተተክሏል። መቀመጫ መተከሉን አመሰግናለሁ። የተነሱትን ግን ማን ቆጠራቸው? ሁላችንም አንዲት የምናውቃት ሴትዮ ነበረችን፤ በቆርቆሮ ቤት በር ላይ፣ ሁለት በርጩማና አንድ የከሰል ምድጃ ይዛ፣ ሻይና ጀበና ቡና በሳንቲም ጀምራ በብር የሸጠችልን። «ዛሬ ብር የለኝም» ስትላት «ነገ ታመጣለህ» የምትል ባንካችን ነበረች። እሷ ስትነሳ የእሷ እንጀራ ብቻ አይደለም የተነሳው፤ የእኛም ርካሿ ወንበር አብራ ተነሳች። በተሠራው ሰፊ መንገድ ዳር ለእንዲህ ያሉ ሴቶች በሥርዓት፣ በንጽሕና፣ በፈቃድ የሚሠሩባት ሁለት ካሬ ቦታ መስጠት ምን ያህል ይከብዳል? ለትልቁ ካፌ በረንዳ የተገኘ ቦታ ለእሷ በርጩማ እንዴት ይጠፋል?

ለነገሩ ዋጋዋ ቢንርም ገበያዋ ያልቀዘቀዘ አንዲት ሻይ አለች። ጉዳይ ይዛችሁ ቢሮ ስትሄዱ «የሻይ ትላለህ እንግዲህ» የምትባለዋ! ቀድሞ እውነትም ሻይ የምትገዛ ብር ነበረች፤ ዛሬ ሙሉ ካፌ ታስከፍታለች። የዚያችን ሻይ ዋጋ ተመን ያወጣላት የለም፤ ደረሰኝ የላትም፤ ቫትም አትከፍል። ደግሞ እኮ ለእሷ «ገንዘቡን ያህል ዋጋ አላት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጉዳይ አላየሁም፤ ከፍሎ ይወጣል።

ወደ ዐሥር ሰዓቷ እንመለስ። እኔ መልሴ ታዋጣለች ነው። በመስታወት አሸብርቆ፣ ማኪያቶ በኬክ ደርድሮ፣ ሂሳቡ የሳምንት አስቤዛ የሚያህለው ቤት ግን አያዋጣም፤ እዚያ የምትከፍሉት ለመታየት ነው፤ መታየቱን ደግሞ ባለሀብቱ ይክፈል። 30 ብሯ ሻይ ግን፣ አንድ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጣ ግማሽ ሰዓት ካነጋገረቻችሁ፣ በዚህ ከተማ ከሚሸጡት ነገሮች ሁሉ ርካሽ ናት። ያልበቃው ደመወዙ ነው እንጂ ብርጭቆዋ ምን አደረገች?

እኛ ሦስት ወዳጆች እንዲህ ተስማምተናል። ዕለት ዕለቱን ትተን ማክሰኞና ዓርብ ብቻ፣ ኬክ ሳይጨመር፣ ሂሳቡ በተራ። ተራው የደረሰ ሰው ብር ካጣ «ዛሬ የለኝም» ይላል፤ ሌላው ይከፍላል፤ ሰበብ ፈጥሮ መቅረት ግን ክልክል ነው። የሚቀጥለው ዓርብ ተራ የእኔ ነው።