ያገለገለ ዘይት በበርሜል ውስጥ ሲያረጅ፦ ወደ ነዳጅ ወይስ ወደ መጥበሻ?

በአዲስ አበባ የሳምቡሳና የቦምቦሊኖ መሸጫዎች፣ በናይሮቢና በካምፓላ የድንች ቺፕስ ቤቶች፣ የቀኑ ሥራ ሲያበቃ በመጥበሻው ውስጥ የሚቀረው ዘይት ለረጅም ዘመን ዕጣው ሁለት ነበር፤ ወይ ይደፋል፣ ወይ በማግስቱ ተመልሶ ይጠበስበታል። አሁን ግን ድንበር ተሻግሮ የሚሸጥ ጥሬ ዕቃ ሆኗል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የአውሮፕላን ነዳጅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ደንብ መሠረት በኅብረቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከሚቀርበው ነዳጅ ውስጥ ከአውሮፓውያኑ 2025 ጀምሮ ቢያንስ 2 በመቶው “ዘላቂ” የሚባለው ነዳጅ መሆን ይኖርበታል። ድርሻው በ2030 ወደ 6፣ በ2050 ደግሞ ወደ 70 በመቶ ከፍ ይላል። ከነዳጁ ዋነኛ ግብዓቶች አንዱ ያገለገለ የምግብ ዘይት ነው። የኬንያ አየር መንገድም በግንቦት 2023 ከናይሮቢ ወደ አምስተርዳም ባደረገው በረራ የጣሊያኑ ኤኒ ኩባንያ ያቀረበውን ዘላቂ ነዳጅ ከመደበኛው ጋር ቀላቅሎ ተጠቅሟል።

ይሁን እንጂ ያገለገለ ዘይት ገዢ እስኪመጣ ሳይለወጥ የሚጠብቅ ሸቀጥ አይደለም። በተቀመጠበት በርሜል ውስጥ ያረጃል። የአካባቢው አገራት ከዚህ ገበያ ሊያገኙ የሚችሉት ጥቅምም ሆነ በሸማቹ ጤና ላይ የሚያንዣብበው አደጋ በዚህ እርጅና ላይ የተመሠረተ ነው።

ውኃ፣ አየር እና ጊዜ

የምግብ ዘይት በአብዛኛው ሦስት የቅባት አሲድ ሰንሰለቶች ከአንድ ግሊሰሮል ጋር የተያያዙበት ውህድ ነው። ድንች ወይም ሊጥ ከ160 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ከምግቡ የሚወጣው እርጥበት ይህን ትስስር ይበጥሳል። ተለይተው የሚወጡት ሰንሰለቶች ነፃ የቅባት አሲድ ይባላሉ። እሳቱ ሲጠፋ ሂደቱ ይዘገያል እንጂ የግድ አይቆምም። ከበርሜሉ ሥር በሚዘቅጠው ውኃና ፍርፋሪ፣ ማለትም በአተላው ውስጥ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ የሚያመነጩት ኢንዛይምም ዘይቱን መሰነጣጠቁን ይቀጥላል።

ሁለተኛው ለውጥ ከአየር ይመጣል። ኦክስጅን ከዘይቱ ጋር ሲዋሃድ መጀመሪያ ፔሮክሳይድ የተባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ። እነዚህ ተሰባብረው አልዲሃይድን የመሳሰሉ፣ የከረፋ ዘይት ሽታ የሚሰጡ ውህዶችን ያስገኛሉ። ሙቀት፣ ብርሃን፣ እንዲሁም ብረትና መዳብ ሂደቱን ያፋጥኑታል። በከፊል ባዶ ሆኖ በፀሐይ ላይ የቆመ በርሜል እንግዲህ ለዚህ ለውጥ የተመቸ ነው።

ሦስተኛው የሞለኪውሎች እርስ በርስ መያያዝ ነው። ዘይቱ እየወፈረ ይሄዳል። በመጥበሻ ጠርዝ ላይ የሚጋገረው ሙጫ መሰል ቡናማ ሽፋን የዚሁ ውጤት ነው።

የለውጡ ፍጥነት እንደ ዘይቱ ዓይነት ይለያያል። የኑግና መደበኛው የሱፍ ዘይት በአብዛኛው ከኦክስጅን ጋር ፈጥኖ ከሚዋሃድ የቅባት አሲድ የተሠሩ ናቸው። በተለምዶ “የሚረጋ” የሚባለው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ፋት በመሆኑ የተሻለ ይቋቋማል።

ዓይን ሲታለል

ብዙዎች ዘይትን በመልኩ ይዳኛሉ። ነገር ግን ማጣራት ፍርፋሪውን እንጂ በዘይቱ ውስጥ የሟሙትን ውህዶች አያስወግድም። ተቀምጦ የጠለለ ዘይት ጥርት ብሎ እየታየም የተበላሸ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋማ ከተሞች ቅዝቃዜ የፓልም ዘይት መርጋቱ የአካል ለውጥ እንጂ የመበላሸት ምልክት አይደለም።

አንድ ምርመራ ብቻውንም ያሳስታል። የፔሮክሳይድ መጠን መጀመሪያ ያሻቅብና ውህዶቹ ሲሰባበሩ መልሶ ይወርዳል። በመሆኑም እጅግ ያረጀ ዘይት በዚህ መለኪያ ብቻ ከታየ ጤናማ ሊመስል ይችላል። በርካታ የአውሮፓ አገራት በመጥበሻ ዘይት ላይ ገደብ ያበጁት በመጥበስ ሂደት የሚከማቹትን “ፖላር” የተባሉ ውህዶች በጥቅል በመለካት ነው፤ መጠናቸው ከ24 እስከ 27 በመቶ ሲደርስ ዘይቱ ከምግብ ሥራ ይወገዳል።

ገዢው ምን ይፈልጋል?

ባዮዲዝል የሚያመርቱ አነስተኛ ፋብሪካዎች ዘይቱን ከሜታኖልና ከኮስቲክ ሶዳ ወይም መሰል አልካሊ ጋር ያዋህዳሉ። ነፃ የቅባት አሲዱ ከጥቂት በመቶ በላይ ከሆነ ግን ከነዳጅ ይልቅ ሳሙና ይፈጠራል፤ ምርቱም ይባክናል። መፍትሔው ተጨማሪ የአሲድ ማከሚያ ደረጃ ሲሆን፣ ይህም ወጪ ይጠይቃል። በሃይድሮጅን የሚሠሩት ግዙፍ ማጣሪያዎች አሲዱን በተሻለ ይችሉታል። እነሱም ቢሆኑ ከውኃ፣ ከጨው፣ ከብረታ ብረትና ከተያያዙ ሞለኪውሎች የጸዳ ግብዓት ይፈልጋሉ።

አሳሳቢው ጥያቄ ለፋብሪካ የማይመጥነው ዘይት የት ይሄዳል የሚለው ነው። በ2022 የዩክሬን ጦርነት የሱፍ ዘይት አቅርቦትን ሲያናጋ፣ ኢንዶኔዢያም ለሳምንታት የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይላክ ስታግድ፣ ዘይት ከውጭ የሚያስገቡት የምሥራቅ አፍሪካ አገራት ዋጋ ሲንር ተመልክተዋል። ዘይት በተወደደ ቁጥር አሮጌውን አጣርቶ ወይም ከአዲስ ጋር ቀላቅሎ ለምግብ የመሸጥ ፈተና ይበረታል። የመግዛት አቅም ያነሰው ሸማች ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ስለዚህ የነዳጅ ገበያው መከፈት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ለአሮጌ ዘይት ጥሩ ዋጋ የሚከፍል ሰብሳቢ ዘይቱን ከመጥበሻው ያርቀዋል። ሰብሳቢው ሲዘገይ ወይም ያረጀውን አልቀበልም ሲል ግን ዘይቱ ወደ ምግብ የሚመለስበት መንገድ እንደተከፈተ ይቆያል። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ውስብስብ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፦ ዘይቱን አቀዝቅዞ ማጥለል፣ ውኃውንና አተላውን መለየት፣ እስከ አፉ በተሞላና በተከደነ ዕቃ በጥላ ሥር ማስቀመጥ፣ የተሰበሰበበትን ቀን መጻፍና በሳምንታት ውስጥ ማስረከብ። ይህን ማስለመድ የሰብሳቢ ድርጅቶች፣ ለአሮጌ ዘይት መዳረሻ ተጠያቂ ማድረግ ደግሞ የከተማ አስተዳደሮችና የምግብ ተቆጣጣሪዎች ድርሻ ነው።