ስለ ተከማቸ እህልና ስለ ርትዕ

የእህል ዋጋ በተወደደ ቍጥር የመጀመሪያው ክስ የሚነሣው በአከማቹ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውም እርምጃ መጋዘን ማሸግ ነው። ሕዝብ በኑሮ ውድነት ሲጨነቅ መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይመልከት የሚል ሰው ቢኖር ከእርሱ ጋር አልስማማም፤ ብዙ ነጋድያን ተማክረው ዋጋን ለማናር ሲሉ ገበያውን ባዶ ቢያደርጉት፣ ይህ በድኻው ጉሮሮ ላይ የተፈጸመ ግፍ ነውና በሕግ ሊቀጣ ይገባዋል። ነገር ግን ከዚህ አስቀድሞ በጥንቃቄ ልንመረምረው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም መጋዘኑን ይቈጣጠር ዘንድ ሥልጣን የተሰጠው አካል ያንኑ እህል ራሱ የሚገዛና የሚሸጥ፣ ወይም ከሚገዙትና ከሚሸጡት አንዱን ወገን የሚደግፍ ሲሆን፣ ቍጥጥሩ ፍትሕ መሆኑ ቀርቶ የንግድ ውድድሩ አንድ ክፍል መሆኑ ነው።

በአገራችን የመኸሩ እህል በአብዛኛው የሚወቃው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የሚበላው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ግብር እና የማዳበሪያ ዕዳ የሚጠብቀው ገበሬ ምርቱን ከአውድማው ሳያርቅ በርካሽ ይሸጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡም ብዙው ገበሬ ራሱ እህል ሸማች ይሆናል። በነዚህ ሁለት ወቅቶች መካከል እህሉን ከነቀዝና ከእርጥበት ጠብቆ፣ የመጋዘን ኪራይና የባንክ ወለድ ከፍሎ፣ ዋጋው ቢወድቅ ኪሳራውን ሊሸከም ተዘጋጅቶ የሚያሻግር ሰው የግድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከጥር እስከ ነሐሴ እህል ያቈየ ሁሉ ወንጀለኛ ነው ብንል፣ በነሐሴ የሚበላውን እህል በጥር እንዲያልቅ መፍረዳችን ነው።

የዱቄት ፋብሪካ ጉዳይ ከዚህም ይልቅ ግልጽ ነው። ሁለት ፋብሪካዎች በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንደኛው በቀን ብዙ መቶ ኩንታል ስንዴ የሚፈጭ፣ ሁለተኛው ግን ከዚያ ጥቂቱን ብቻ የሚፈጭ ቢሆን፣ በሁለቱም መጋዘን ውስጥ የተገኘው እኩል አምስት ሺህ ኩንታል ለትልቁ የጥቂት ሳምንት ሥራ፣ ለትንሹ ግን የብዙ ወራት ክምችት ነው። ተቈጣጣሪው የመጣው መፍጫውን ሳይመለከት ጆንያ ሊቈጥር ብቻ ከሆነ፣ ያለ ጥፋቱ ትልቁን ይከሳል፤ ወይም ሊጠየቅ የሚገባውን ትንሹን ያልፋል። ክምችት መለካት ያለበት ከባለቤቱ የማምረት አቅም አንጻር ነው፤ ልኩም እህሉ ከመገዛቱ በፊት ለሁሉም የታወቀ መሆን አለበት።

በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የዮሴፍን ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለ ክምችት ጥቅም ሲነገር እንሰማዋለን፤ ስለ ክምችት ሥርዓት ግን ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት አለበት። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ የሚወሰደው አምስተኛው እጅ መሆኑ ረሀቡ ሳይደርስ ተወሰነ፤ ይህም የታሪኩ በጎ ክፍል ነው። በረሀቡ ዓመታት ግን ሕዝቡ ገንዘቡን፣ ከብቱን፣ በመጨረሻም መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሸጦ እህል ሲገዛ፣ ከፈርዖን ቀለብ ይቀበሉ ስለ ነበር የካህናቱ መሬት ብቻ ሳይሸጥ ቀረ። ጎተራው ሁሉ በአንድ እጅ ሲገባ፣ ያ እጅ ምንም ያህል አስተዋይ ቢሆን፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ የቀረበው ከሌላው የተሻለ ዕድል እንደሚያገኝ ይህ ታሪክ አይሰውርም።

ወደ ራሳችን ዘመን ስንመጣ፣ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ዐቢይ ምሳሌ ነው። ድርጅቱ ከገበሬው በተተመነ ዋጋ የኮታ እህል ይወስድ ነበር፤ ፈቃድ ያለው ነጋዴም ከገዛው እህል የተወሰነውን ክፍል ለድርጅቱ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ በየመንገዱ የቆመው ኬላም እህል ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንዳያልፍ ይጠብቅ ነበር። እዚህ ላይ ገዢው፣ ዋጋ ተማኙና ጠባቂው አንድ መንግሥት ነበር፤ ተወዳዳሪው ነጋዴ በኬላ ላይ ሲያዝ የሚጠቀመውም ያው ድርጅት ነበር። ውጤቱን ያየነው ነው፤ በትርፍ አምራቹ አውራጃ ያለው ገበሬ እህሉን በርካሽ ሲያስረክብ፣ እህል የሚያጥረው አውራጃ በውድ ዋጋ ይገዛ ነበር። ይህ ሥርዓት የተሻረው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ በታወጀ ጊዜ ነው።

የድርጅቱ ወራሽ የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ሆነ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ስም በቡና ጉዳይ ተሰማ። በዚያ ዓመት የዓለም ዋጋ ወድቆ፣ የውጭ ምንዛሪም እጅግ አጥሮ ሳለ፣ መንግሥት ስድስት ታላላቅ ላኪዎችን ቡና ሸሽገዋል ብሎ መጋዘናቸውን አሸገ፤ ፈቃዳቸውን ሰረዘ፤ ወደ 17 ሺህ ቶን የሚጠጋውም ቡና ወደ ውጭ እንዲላክ ለዚሁ የመንግሥት ድርጅት ተሰጠ። የምንዛሪው ችግር እውነተኛ እንደ ነበረ አልክድም፤ ከላኪዎቹም መካከል በእውነት ያጠፋ ሊኖር ይችላል። ሆኖም ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ሸቀጥ በዚያው ገበያ ለሚነግድ ሌላ ነጋዴ ሲሰጥ፣ ተቀባዩ የመንግሥት ንብረት መሆኑ ብቻ ነገሩን ከአድልዎ አያነጻውም። ሚዛን የያዘ ሰው ከሚመዘነው እህል ድርሻ ካለው፣ ምንም እንኳ በቅንነት ቢመዝን፣ ገዢው ሊያምነው አይችልም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ የካሊፎርኒያ ዘቢብ አምራቾች ክርክር ያስረዳል። የእኛ ካህናት ለቅዱስ ቁርባን የሚጨምቁት ዘቢብ በዚያ ምድር ታላቅ የንግድ ሰብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግና ከ1949 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለ ደንብ መሠረት፣ ምርቱ በበዛ ዓመት ዋጋው እንዳይወድቅ ከእያንዳንዱ አምራች ምርት የተወሰነው እጅ ከገበያ ውጭ በመጠባበቂያ ይቀመጥ ነበር። የመጠባበቂያውን ልክ የሚያቀርበው የዘቢብ ኮሚቴ ሲሆን፣ አባላቱ በብዛት የንግዱ ሰዎች ራሳቸው፣ ማለትም ገበሬዎችና ዘቢቡን አሽገው የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ። በእኛ አገር መንግሥት ክምችትን የሚያወጣው ዋጋ እንዲወርድ ነው፤ በዚያ ግን ክምችትን የሚያዝዘው ዋጋ እንዳይወርድ ነበር፤ ቢሆንም ጥያቄው አንድ ነው፤ ስለ ሌላው ሰው ምርት የሚወስነው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 መካከል ባለው የምርት ዘመን ከሰብሉ 47 በመቶ፣ በሚቀጥለው 30 በመቶ በመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ታዘዘ፤ ለሁለተኛው ዘመን መጠባበቂያ አምራቾቹ አንዳች ክፍያ አላገኙም። ማርቪን ሆርንና ሎራ ሆርን የተባሉት ባልና ሚስት አምራቾች ዘቢባቸውን አናስረክብም ባሉ ጊዜ፣ የዘቢቡን ዋጋ የሚያህል ከ480 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ገንዘብና ሌላም 200 ሺህ ዶላር ያህል ቅጣት ተፈረደባቸው። ነገሩ ከዓመታት ክርክር በኋላ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ፣ መንግሥት የሰውን ዘቢብ መውሰዱ መሬቱን እንደ መውሰድ ይቈጠራልና ያለ ተገቢ ካሣ አይፈቀድለትም አሉ። እኔ ከዚህ ፍርድ የምወስደው ካሣውን ብቻ አይደለም፤ ሰባ ዓመት ገደማ የቆየ ሥርዓት እንኳ ባለ ንብረቱ በዳኛ ፊት ቀርቦ የሚሟገትበት በር ስለ ነበረው ሊታረም መቻሉን ነው።

ለእኛ የሚያስፈልገው ያ በር ነው፤ ከእርሱም ጋር ግልጽነት ያስፈልገናል። ለዓመታት በድጎማ የገባውን ስንዴ ለዱቄት ፋብሪካዎች ሲያከፋፍል የቆየው የመንግሥት የንግድ ድርጅት ነበር፤ ኮታ ያገኘው ፋብሪካ ሲሠራ፣ ያላገኘው ወይም ያነሰው ደግሞ ከእህል በረንዳ ገበያ በውድ ገዝቶ ከርሱ ጋር ይወዳደር ነበር። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ በውድ የገዛው ሰው ጥቂት ወራት የሚበቃ ስንዴ ቢያከማች፣ ነገ የሚያገኘው ኮታ መኖሩን ስለማያውቅ ነው፤ በርካሽ ያገኘውም ዱቄቱን ወደ ጓሮ ገበያ ለማውጣት ይፈተናል። የኮታው ዝርዝር ለማን ምን ያህል እንደ ደረሰ በጋዜጣ ታትሞ ለሕዝብ ቢገለጥ፣ ከመጋዘን ጠባቂ ብዛት ይልቅ እርሱ ብዙ ክፋት ያስቀር ነበር።

ስለ ሆነም የሚከማች እህል ልክ በየፋብሪካው አቅም ተመጥኖ ከመኸሩ በፊት ይታወጅ፤ ልኩም ለመንግሥት ድርጅት፣ ለገበሬዎች ዩኒየን፣ ለግል ባለ ሀብት ሳይለይ እኩል ይሁን። ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሱ አንድ ኩንታል እህል እንኳ የማይነግድ ይሁን። መጋዘን የታሸገበት ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ በዳኛ ፊት ይቅረብ፤ በታሸገ መጋዘን ውስጥ ያለ እህል መድኃኒት የሚነፋበት፣ የሚያናፍሰውም ሰው አያገኝምና፣ ክርክሩ ሲረዝም ከሳሹም ተከሳሹም ሳይሆኑ ነቀዙ ይጠቀማል። እህሉ እንዲሸጥ ከታዘዘም በይፋ ጨረታ ይሸጥ እንጂ ለተወዳዳሪ ድርጅት በአደራ አይሰጥ፤ የሽያጩም ገንዘብ እስከ ፍርድ ቀን በፍርድ ቤት ሒሳብ ተቀምጦ፣ ባለቤቱ በደል ካልተገኘበት ከነወለዱ ይመለስለት።