አውሮፕላን ይገዛ ወይስ ይከራይ?

ይህ ጥያቄ ደብረ ታቦር ላይ ሲነሳ ቅንጦት ይመስላል። ገበሬው ዛሬም በበሬ በሚያርስበት ደጋ ስለ ትንሽ አውሮፕላን ዋጋ ማውራት ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ የራያ ቆቦንና የሌላውን ወሎ ማሳ ሲወር፣ ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠው ያንኑ ትንሽ አውሮፕላን ፍለጋ ነበር። ርጭቱ በብዙ ቦታ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ያኔ ብዙ ሰው የጠየቀው "ይህች ሀገር እንዴት በቂ የርጭት አውሮፕላን አይኖራትም?" ብሎ ነው።

ቁጣው ተገቢ ነበር። መልሱ ግን "እንግዛ" ብቻ አይደለም።

ትንሽ አውሮፕላን ሲገዛ የሚከፈለው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ነው። ማቆሚያ፣ ኢንሹራንስ፣ ዓመታዊ ምርመራ፣ የመካኒክ ደመወዝ፦ እነዚህ በረረም አልበረረም ይከፈላሉ። ለስሌት ያህል ቋሚ ወጪው በዓመት 15,000 ዶላር ነው እንበል። 50 ሰዓት ብቻ ለበረረ አውሮፕላን አንዱ ሰዓት ነዳጅ ሳይጨመር 300 ዶላር ይወጣበታል፤ 200 ሰዓት ለበረረው 75 ዶላር። በውጭ ሀገር ያሉ አብራሪዎች በዓመት 100 ሰዓት እንኳ ለማይበር ሰው ኪራይ ይሻለዋል የሚሉት ለዚህ ነው። ከዚያ ላይ ነዳጁ አለ፤ አራት ሰው የምትይዘው ሴስና 172 በሰዓት ከ30 ሊትር በላይ ትጠጣለች። ሞተሯም 2,000 ሰዓት ገደማ ሲሠራ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ የቆላ ሒሳብ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉና ከ4,100 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የፒስተን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። መንደርደሪያው ይረዝማል፣ ጭነቱ ይቀንሳል። የሚበላው የአቪዬሽን ቤንዚን ደግሞ በአፍሪካ በብዙ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ደጋውን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚችለው እንደ ሴስና ካራቫን ያለ ባለ ተርባይን አውሮፕላን ነው፤ አዲሱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። መለዋወጫውም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ የጥገና በጀቱን በብር የያዘ ባለቤት ምን እንደሚደርስበት መገመት አይከብድም።

የራስን መሣሪያ መያዝ ምን እንደሚያስከፍል ደብረ ታቦር ቀድማ አይታለች። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። መድፉ ደረሰ፤ መቅደላን ግን አላዳነም። (ለማሠራት መነሳታቸው ስህተት ነበር ማለት አይደለም። የመጎተቻው ዋጋ ከመሥሪያው ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ ነበረበት ነው።)

ታዲያ ኪራይ ይሻላል? አንበጣ ላይ ሲደርስ ኪራይም ይከዳል። የ2012 እና የ2013ቱ ወረራ ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ከታዩት ሁሉ የከፋው ነበር። ለሩብ ምዕተ ዓመት ቆሞ ለሚጠብቅ አውሮፕላን መክፈል ኪሳራ ነው። ነገር ግን መንጋው ሲነሳ ኬንያም፣ ሶማሊያም፣ ኢትዮጵያም በአንድ ጊዜ አከራይ ይፈልጋሉ። ሁሉም በሚፈልግበት ሳምንት የሚከራይ ነገር ዋጋው ይንራል፤ ወይም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1958 አንበጣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለአንድ ሚሊዮን ሰው ዓመት የሚያበቃ እህል እንደበላ ተመዝግቧል። ያ የመዘግየት ዋጋ ነው።

የደቡብ ጎንደር ገበሬ ለዚህ ዓይነቱ ጣጣ ሦስተኛ መንገድ አለው፤ መቀናጆ። አንድ በሬ ያለው ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር ያቀናጃል፣ በተራ ያርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት የመንግሥታት መቀናጆ ነው። አውሮፕላኖቹ የጋራ፣ ወጪውም የጋራ። ችግሩ አባል ሀገራት መዋጯቸውን ለዓመታት ማዘግየታቸው ነው። በመቀናጆ አንዱ በሬውን ሳይቀልብ ከርሞ በእርሻ ወቅት ቢመጣ ጎረቤቱ ምን እንደሚለው ይታወቃል፤ መንግሥታት ሲያደርጉት ግን "የበጀት እጥረት" ይባላል። ኢትዮጵያ ደግሞ ከባዶ አትነሳም፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ "እሸት" የተባለ የርጭት አውሮፕላን እዚሁ ይገጣጥም ነበር። ያ ሙያ በጋራው ድርጅት ውስጥ ለጥገና ቢውል፣ የዶላሩ ጫና ቢያንስ በከፊል ይቀላል።

ለደብረ ታቦርና ለዙሪያዋ ሒሳቡ ሌላ ነው። ለርጭትም ሆነ በጠና የታመመ ሰው ለማድረስ አውሮፕላን የሚያስፈልገው በዓመት ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ይህ ኪራይ ነው። የተከራየው ግን የሚያርፍበት ይፈልጋል። ከተማዋ በዓለም አቀፍ የአየር ማረፊያዎች መዝገብ የራሷ መለያ ኮድ አላት፤ መንገደኛዋ ግን የሚበረው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከባሕር ዳር ነው። መንገድ በተዘጋ ቀን ደግሞ እዚያም አይደረስም። አንድ ገንዘብ ተገኝቶ "ለከተማችን አውሮፕላን" የሚል ሐሳብ ቢመጣ፣ ብሩ መጀመሪያ የሚውልበት ቦታ ሜዳው ነው፦ ረዘም ያለ፣ ከብት የማይገባበት፣ ክረምቱን የማይጨቀይ መንደርደሪያ።