ስለ ባሕር ማዶ ተማሪ ጨዋታ ለነቃፎች የተሰጠ መልስ

በየማኅበሩና በየሰንበቴው፥ በየለቅሶው ቤትም ሳይቀር፥ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ነቀፋ ይሰማል። ነቀፋውም እንዲህ የሚል ነው፤ «ልጁን ብዙ ገንዘብ አውጥተን ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ ሰደድነው፤ እርሱ ግን በስልክ የሚልክልን ፎቶግራፍ ሁሉ ኳስ ሲጫወት፥ ተራራ ሲወጣ፥ ከፈረንጅ ልጆች ጋራ ወጥ ሲሠራ ነው። ታዲያ መቼ ይማራል?» ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ አባቶችና እናቶች፥ አጎቶችና የንስሐ አባቶች ናቸው። ነገር ግን ደግ ሰው የተናገረው ስሕተት ክፉ ሰው ከተናገረው ይልቅ ይጎዳል፤ የሚታመን ነውና። ስለዚህ ዝም ብዬ ላልፈው አልወደድሁም።

አስቀድመን ተማሪው የሚኖርበትን ኑሮ እንመልከት፤ የማያውቁትን ኑሮ መንቀፍ ቀላል ነውና። ስለ አገሩ ሁሉ መናገር ስለማይቻል አንዱን፥ ልጆቻችን የሚማሩበትን የጀርመንን አገር ልያዝ። (የማነሣው የዓመት ቁጥር ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውጭ የሚመጣ ተማሪ የመግቢያ ፈቃድ ሲለምን የአንድ ዓመት ቀለቡን በባንክ አስቀምጦ እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ ይህም በ2024 መስከረም በተወሰነው ልክ 11,904 ዩሮ ነው። ዘመድ ይህን ቁጥር በሰማ ጊዜ ልጁ ከበረ ይላል። ገንዘቡ ግን ታግዶ ተቀምጦ በየወሩ 992 ዩሮ ብቻ ይለቀቅለታል፤ ከዚያውም ላይ የቤት ኪራይ፥ የሕክምና መድን፥ የቀለብና የመጽሐፍ ዋጋ ይወጣል። ጎድሎበት ልሥራ ቢል፥ ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቅድለታል እንጂ እንደ ልቡ አይለቀውም። እንግዲህ ወጭት ያጥባል፤ በቡና ቤት ያስተናግዳል፤ በዕቃ ማከማቻ ሣጥን ይሸከማል። አባቱ በአዲስ አበባ «ልጄ መሐንዲስ ሊሆን ነው» ብሎ በሚያወራበት ሰዓት ልጁ የሰው ድስት እየፈተገ ነው፤ ይህም ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ይታወቅ።

ማደሪያውም አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ማድ ቤቱ የብዙዎች ነው። አንዱ ከህንድ፥ አንዱ ከቻይና፥ አንዱ ከሶርያ መጥቶ በአንድ ምድጃ ተራ ይጠባበቃሉ። ቀን በዩኒቨርሲቲው የምግብ አዳራሽ ይበላል፤ መንዛ ይሉታል። ለካህናት አንባቢዎቼ ደስ የሚል ነገር ልንገራቸው፤ በዚያ አዳራሽ ሥጋም ወተትም ያልነካው ምግብ ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ፥ መጾም የሚወድ ልጅ ምግብ አጣሁ ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። ትምህርቱም በ2 ሰዓት ይጀመራል የተባለ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ከሩብ ይጀመራል፤ ይህ የዩኒቨርሲቲ ሩብ ሰዓት የሚባል የቆየ ልማድ ነው። ጀርመን ሰዓት አያዛንፍም የሚሉ ሁሉ ይህን ይስሙ። እሑድ ግን ሱቁ በሕግ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ዳቦ መግዛት የረሳ ልጅ እሑድን በሻይ ያሳልፋል።

ከሁሉ የሚከብደው ክረምቱ ነው። በታኅሣሥ ወር በበርሊን ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። የእኛ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ፀሐይ በ12 ሰዓት ገደማ ወጥታ በ12 ሰዓት ገደማ ስትገባ ያየ ነው፤ እንዲህ ያለ ጨለማ አያውቅም። ከትምህርት ወጥቶ ወደ ክፍሉ ሲገባ ጨለማ፥ ሲነሣም ጨለማ ይሆንበታል። ሰላምታውም አጭር ነው፤ እንዴት አደርህ፥ ቤተ ሰብ ደኅና ነው፥ ከብቱ ደኅና ነው ብሎ የሚያቆመው ሰው በመንገድ የለም። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ አለው፤ በሩን ዘግቶ መተከዝ፥ ወይም ወጥቶ ከሰው መቀላቀል። ነቃፎች የሚነቅፉት እንግዲህ ይህን ሁለተኛውን ነው።

መውጣቱስ ወዴት ነው? ዩኒቨርሲቲዎቹ ለተማሪ በጥቂት ዋጋ ኳስ፥ ዋና፥ የተራራ ጉዞ ያዘጋጃሉ፤ ብዙዎቹም መዘምራንና የሙዚቃ ጓድ አላቸው። ከዩኒቨርሲቲውም ውጭ በየከተማው ፌራይን የሚባል ማኅበር አለ፤ በአገሩ ሕግ ሰባት ሰዎች ከተስማሙ ማኅበራቸውን ማስመዝገብ ይችላሉ። የቼዝ ማኅበር አለ፤ የንብ አርቢዎች ማኅበር አለ፤ የዘፈን ማኅበር አለ። እኛ በጻድቃንና በሰማዕታት ስም ጽዋ እንደምንጠጣ፥ እነርሱም በየሚወዱት ነገር ስም ይሰበሰባሉ። ሰውየው በመንገድ ሰላም አይልህም፤ በማኅበሩ ግን ስምህን ይጠይቅሃል፤ ሳትመጣ የቀረህ እንደ ሆነም ስለ ምን ቀረህ ይልሃል። እንግዳ ልጅ የአገሩን ቋንቋ አጣርቶ የሚሰማው በዚያ ነው፤ መምህሩ በአዳራሹ የመጽሐፍ ቃል ይናገራል፤ ቀልዱ፥ ቁጣው፥ ይቅርታው ግን በኳስ ሜዳና በማድ ቤት ይነገራል።

አሁን ወደ እኛው እንመለስ። ይህን ነቀፋ ከጨዋ ሰው ብሰማው ባልገረመኝ፤ በቅኔ ቤት ካደገ ሰው ስሰማው ግን ይገርመኛል። እኛስ የባዕድ አገር ተማሪዎች አልነበርንምን? ከሸዋ ወይም ከወሎ ተነሥቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ ዋሸራ ወይም ጎንጅ የገባ ልጅ ስንት ቀን ተጉዟል! ብዙው ከአባቱ ተሰውሮ የወጣ ነው። ከደረሰም በኋላ ጎጆውን ራሱ ሠራ፤ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ቁራሽ ለመነ፤ ከውሻ ጋራ ታገለ፤ የአገሩን አነጋገር እስኪለምድ ድረስ የሰፈሩ ሕፃናት ሳቁበት። ታዲያ እኛ ሌሊትና ቀን መጽሐፍ ላይ ብቻ ነበርን? በገና ሰሞን ዱላችንን ይዘን ሜዳ የወረድነው እኛ አይደለንምን? ገበጣ ቆፍረን በጠጠር የተጫወትነው፥ እንጨት ልንለቅም ወጥተን ከጫካ ውስጥ በቅኔ ስንተራረብ የዋልነው እኛ አይደለንምን? ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ የእኛ ጊዜ ፎቶግራፍ የሚልክ ስልክ ስላልነበረ እናቶቻችን አላዩንም፤ ባላዩንም ጊዜ ሲያጠና ዋለ ብለው ጸለዩልን።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ብቻውን ወደ ኮረብታ ወጥቶ፥ ደበሎውን ተከናንቦ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። ጎህ ሲቀድ በሬውን ነድቶ ወደ እርሻ የሚወርድ ገበሬ ያየዋል፤ ሲመለስም በዚያው ስፍራ ያገኘዋል። «ይህ ምን ያለ ሥራ ፈት ነው!» ብሎ ያልፋል። ልጁ ግን በዚያች ዝምታ ውስጥ ለጉባኤ ቃናው ሰምና ወርቅ እያስማማ ነው፤ ማታም ከየኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ ከተበላሸበት ይታረማል፤ ከቀናለት ይመሰገናል። በተራራ ላይ ቆሞ የተነሣውን የተማሪ ፎቶግራፍ አይቶ «አይማርም» የሚል አባት ከዚያ ገበሬ በምን ይለያል? ገበሬውስ ቅኔ አልተማረም፤ ይፈረድለታል።

ነቃፎች መጽሐፍ ቢጠቅሱ ደግሞ እኔም እጠቅሳለሁ። ዳንኤልና ሦስቱ ወንድሞቹ በባቢሎን የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ሦስት ዓመት እንዲማሩ ታዘው ነበር። መጽሐፉ ስለ ትምህርታቸው ከመናገሩ አስቀድሞ ስለ ማዕዳቸው ይናገራል፤ ጥራጥሬና ውሃ ተሰጥቷቸው ዐሥር ቀን እንዲፈተኑ መለመናቸውን፥ ፊታቸውም አምሮ መገኘቱን። የተማሪ ምግብና ፊት ትንሽ ነገር ቢሆን ኖሮ ባልተጻፈ ነበር። ደግሞም አራት ነበሩ እንጂ አንድ አልነበሩም።

«እሺ፥ ይጫወት፤ ነገር ግን ጨዋታው ትምህርቱን ይበላበታል፤ ለመሐንዲስነት የላክነው አዝማሪ ሆኖ ይመጣል» የሚሉ አሉ። ይህ የነቃፎች ትልቁ ጋሻ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና ሊማር ነበር፤ ልቡ ግን ወደ ሥዕል አደላ፤ በለንደንም የሥዕል ትምህርት ቤት ገባ። ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ለምሕንድስና ነበር፤ ሙዚቃን ያዘ፤ በለንደንም፥ በኋላም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ሙዚቃ ተማረ፤ የኢትዮ ጃዝ አባት ተብሎም ዓለም ዐወቀው። ነቃፎች ሆይ፥ በአዲስ አበባ ወደ አፍሪካ አዳራሽ ገብታችሁ አፈወርቅ የሠራቸውን ታላላቅ የመስታወት ሥዕሎች ቀና ብላችሁ እዩ። በዚያ ፈንታ አንድ የማዕድን ሹም ይሻለን ነበር የሚል ከመካከላችሁ ማን ነው? ቢኖር እንኳ ጮክ ብሎ አይናገረውም።

ጊታር የያዘ ሁሉ ሙላቱ ይሆናል አልልም፤ እንዲህ ያለ ሐሰት ለወላጅ መናገር ኃጢአት ነው። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ዘጠኙ ኳሱን ተጫውቶ፥ ዘፈኑን ዘፍኖ፥ ወደ መጽሐፉ ተመልሶ በተላከበት ሙያ ይመረቅ፤ ይህ ለእኔ ይበቃኛል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ከክፍል ውጭ ያለው ሰዓት ከትምህርቱ የተሰረቀ አይደለም፤ የትምህርቱ ሌላው ወገን ነው። ይህም በሥዕልና በዜማ ብቻ አይታይም። መላኩ በያን በአሜሪካ ሕክምና ሊማር ሄደ፤ በ1935 በዋሽንግተን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሆኖ ወጣ። ሃዋርድ የጥቁር አሜሪካውያን ታላቅ ትምህርት ቤት ነው፤ መላኩም ከእነርሱ ጋራ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ወንድም ኖረ፤ ከእነርሱም ሚስት አገባ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ይህ ባልንጀርነት ምን እንደ ጠቀመ ታሪክ ይመሰክራል፤ በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ድምፅ የሚባል ጋዜጣም አወጣ፤ በ1940 በዚያው በኒውዮርክ እስኪሞት ድረስ ለአገሩ ሲጮኽ ኖረ። አናቶሚ የሚያስተምረው መምህሩ ይህን ሁሉ አላስተማረውም። ጎረቤቱን የማያውቅ፥ ከመጽሐፉ በቀር ወዳጅ የሌለው ሐኪም ሆኖ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያ በጨነቀን ቀን ማንን በጠራ ነበር?

ተማሪውንም ግን አልምረውም። ሰዓቱን ተከራክሬ ያስለቀቅሁለት በክፍሉ ተዘግቶ በስልክ መስኮት የአዲስ አበባን ሐሜት ሲቃርም እንዲያድር አይደለም። እንዲህ ያለውን ልጅ ብዙ ሰው አመስጋኝ ነው፤ «አገሩን አልረሳም» ይሉታል። እኔስ በሁለት አገር መካከል ተንጠልጥሎ የቀረ እለዋለሁ፤ ሥጋው በጀርመን ነው፤ ጆሮው በመርካቶ ነው፤ ሦስት ዓመት ከኖረ በኋላ የጎረቤቱን ስም አያውቅም። አገርን አለመርሳት ሌላ ነው። እሑድ በኮሎኝ ወደሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን መሄድ፥ ቅዳሜ ከአገር ልጆች ጋራ ቡና ማፍላት፥ ጤፍ ፈልጎ ማቡካት፥ ይህን ሁሉ አመሰግናለሁ፤ እንጀራውን ግን ለሶርያዊውና ለህንዳዊው ጎረቤቱም ያቅምስ፤ የእነርሱንም ይቅመስ።

ሰዓቱን ይበላዋል የተባለው ኳስ እንኳ አይደለም፤ የሚበላው ሌላ ነው፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። የአጎት ልጅ ስልክ ይፈልጋል፤ ሰርግ አለ መዋጮ ላክ ይባላል፤ የቤቱ ጣራ አፈሰሰ ይባላል። በወር 992 ዩሮ የሚለቀቅለት ልጅ እምቢ ማለት ያፍራል፤ የአበሻ ልጅ ነውና። ስለዚህ የተፈቀደለትን የሥራ ቀን አሟጥጦ ይሠራል፤ ቅዳሜውን ይሸጣል፤ እንቅልፉን ይሸጣል፤ የካቲት ደርሶ ፈተና ሲመጣ ይወድቃል። ያን ጊዜ እነዚያው ለማኞች «ሲጫወት ወደቀ» ይላሉ! በዚህ ነገር ላይ የንስሐ አባቶች ዝም ማለታቸው ያሳዝነኛል፤ ስለ ልጁ ጨዋታ የሚመክሩትን ያህል ስለ ዘመዱ ልመና ቢመክሩ፥ ብዙ ተማሪ በጤና በተመረቀ ነበር።

ከእንግዲህ አባት ወደ ልጁ ስልክ ሲደውል «ስንት አመጣህ?» ማለቱን አልከለክለውም፤ መብቱ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት «ትናንት ማታ ከማን ጋራ በላህ?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁ የአንድ ህንዳዊ ወይም የአንድ ጀርመናዊ ስም ጠርቶ፥ ምን ሠርተው እንደ በሉ፥ ማን ሽንኩርቱን እንዳሳረረ እየሳቀ የነገረው እንደ ሆነ፥ አባት ስልኩን ዘግቶ በሰላም ይተኛ። «ከማንም ጋራ» ብሎ የመለሰ እንደ ሆነ ግን፥ ውጤቱ መቶ ከመቶ ቢሆንም እንኳ ያን ጊዜ ይደንግጥ፤ በማግሥቱም ደግሞ ይደውል።