ክላርኔት መማር ሥጋዊ ነው?

የአቀስታ ልጅ የሆነ አንድ ወንድማችን ደሴ ወርዶ በግል የሙዚቃ መምህር ዘንድ ክላርኔት መማር ጀምሯል። መምህሩ አማኝ አይደለም፤ ሠርግ ቤት የሚነፋ ሰው ነው። ይህን ስንሰማ «መንፈስ ቅዱስ አይበቃውም ወይ?» አልን። ተሳስተናል።

1ኛ ዜና መዋዕል 25ን እንመልከት፤ በዳዊት ዘመን ለዝማሬ የተለዩት 288 ሰዎች የተማሩ ነበሩ። መምህርና ተማሪም እኩል ዕጣ ተጣጣሉ። በአገራችንም ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ልጆች ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባል መምህር ነበራቸው።

የክላርኔት ምላስ ስስ ናት፤ ከንፈር አለቅጥ ሲጫናት ትንጫጫለች። በዚያ በአቀስታ የጠዋት ብርድ ደግሞ የእንጨት ክላርኔት ሳይሞቅ አጥብቀው ቢነፉት ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህን የሚያውቀው የነፋበት ሰው ነው፤ እኛ ሽማግሌዎቹማ ከየት አውቀን!

«መምህሩ የዓለም ሰው ነው» ለሚሉን ቅዱሳን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን። በአምባሰልና በባቲ ቅኝት ስንዘምር ቅኝቶቹን ከማን ተቀበልን? ከወሎ እረኛና ከወሎ አዝማሪ አይደለም ወይ?

በመጪው እሑድ ወንድማችን አንድ መዝሙር በአምባሰል ይነፋልናል። መምህሩንም ጠርተነዋል። ከመጣ የፊት ወንበር ተይዞለታል።