ጋምቤላን ለማየት ብቻ ማን ይሄዳል?

አዲስ አበባ ላይ «ጋምቤላ ልሄድ ነው» ያለ ሰው ወዲያው የሚገጥመው ጥያቄ «ተመደብክ እንዴ?» የሚል ነው። ካልተመደበ ተዛውሯል፣ ካልተዛወረ ለመስክ ሥራ ተልኳል፣ ያም ካልሆነ እዚያ ያለ ዘመድ ታሞበታል። «ኧረ ምንም የለም፣ አገሩን ላየው ነው» ካለ ጠያቂው የተደበቀ ምክንያት ይፈልግለታል። ሥራውን ትቶ እንደሚሄድ ከተሰማ ደግሞ ጉዳዩ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚመክርበት ይሆናል።

ኢትዮጵያዊ መንገድ አያውቅም ማለት አይደለም። የሲራራ ነጋዴ ወራት የሚፈጅ መንገድ ይመታ ነበር። የቆሎ ተማሪ ከእናት አባቱ ቤት ወጥቶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከመምህር መምህር ሲዞር ወጣትነቱን ይጨርሳል። ደረሳውም እንዲሁ ዕውቀት ፍለጋ ከሼህ ሼህ ይሄዳል። ተሳላሚው ግሸንን፣ ቁልቢን ብሎ ይነሣል። ሁሉም ግን ጉዳይ አላቸው፤ ንግድ፣ ትምህርት፣ ስለት። ያለ ጉዳይ፣ ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው በማኅበራዊ ኑሯችን ውስጥ ቦታ አላገኘም።

አሁን በየስልኩ የሚዞረው ቪዲዮ ሌላ ምሳሌ አምጥቷል። መልቀቂያ ደብዳቤውን አለቃው ጠረጴዛ ላይ ጥሎ፣ ቤቱን አስረክቦ፣ ዕቃውን ሸጦ ዓለምን የሚዞር ወጣት እንደ ጀግና ይታያል። ምሳሌው ያማልላል፤ ለዚህ አገር ሠራተኛ ግን አይበጅም። እዚህ አንድ ደመወዝ የወላጅ ጡረታ፣ የታናሽ ወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ፣ እቁብና የቤት ኪራይ ነው። የለቀቁትን ኪራይ ቤት በነበረበት ዋጋ መልሶ ማግኘት ዘበት ነው፤ የለቀቁትን ሥራ ማግኘት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ክርክሩ መሆን ያለበት «እንልቀቅ ወይስ እንቅር?» በሚለው ላይ ሳይሆን፣ ሠራተኛ ሳይለቅ ራቅ ብሎ ሄዶ የሚመለስበት መንገድ ለምን እንደጠፋ ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ከጋምቤላ የተሻለ መፈተኛ የለም፤ መቶ ዓመት ሙሉ ሰው በምደባ፣ በጥቅም ወይም በግድ ሲመጣበት የኖረ አገር ነውና።

በ1889 ዓ.ም. ሁለት የአውሮፓ መኮንኖች በተለያየ አቅጣጫ ወደዚህ ምዕራባዊ ዳርቻ መጥተው ነበር። አንደኛው ሩሲያዊው የፈረሰኛ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ነው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ከሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ ጋር መጣ፤ በዐፄ ምኒልክ ፈቃድ ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ባሮ ወንዝ ተጓዘ። በየደረሰበት ከአገር ገዥዎች ጋር ማዕድ ቆረሰ፣ ዝሆን አደነ፣ ያየውን ጻፈ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1897 በሩሲያ ታተመ። ሁለተኛው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነበር። እሱ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የታጠቀ ጓድ አስከትሎ፣ በኦሞና በቱርካና ሐይቅ አድርጎ፣ በባሮ ገባሮች በኩል ወደ ወለጋ ወጣ። መጋቢት 1889 ዓ.ም. ጊዳሚ አጠገብ ተከብቦ ተገደለ። ሁለቱም ቤታቸውን ትተው የወጡ ወጣት ወታደሮች ነበሩ። አንዱ የአገሩን ባለቤት ፈቃድ ጠይቆ ገባ፤ ሌላው ጠመንጃውን ተማምኖ። ቡላቶቪች ኋላ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ የመኮንንነት ሥራውን ጨርሶ ትቶ ገዳም ገባ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጋምቤላ የመጣው ሰው ደብተሩ የሒሳብ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው የድንበር ውል እንግሊዞች በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲይዙ ፈቀደ። ጣቢያው በመጨረሻ የተተከለው ጋምቤላ ላይ ነው። ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና አቡጀዲ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ከጎሬና ከሳዮ ደጋ በበቅሎና በሰው ጫንቃ የወረደ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሱ ነበር። ውኃው ሲጎድል መርከብ አልነበረም። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መደብር ከፍተው ነበር። ውሉ የጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ስለነበር፣ በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ቀጥሎ የመጡት ሳይጠየቁ የመጡ ናቸው። በ1977ቱ ድርቅ ማግሥት ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከደቡቡ ክፍል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎችን አምጥቶ በጋምቤላ አሰፈረ። ከደጋ የመጣ ሰው ወባ የሚያውቀው በስም ነበር። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ባለሀብት መጣ። የሕንዱ ካሩቱሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በክልሉ 100,000 ሄክታር ተከራየ፣ ባሮ ሞልቶ በቆሎውን አጥለቀለቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ውሉ ተሰረዘ። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በደቡብ ሱዳን ጦርነት የተነሣ ድንበር የተሻገሩ ስደተኞች በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጀዊ፣ በንጉኛኤልና በፑኝዶ መጠለያዎች ይኖራሉ። ቁጥራቸው ከ300 ሺህ ይበልጣል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 307 ሺህ ገደማ ነበር።

ቤት ጥሎ መሄድን እንደ ውበት ብቻ የሚያወራ ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ቢናገር ይሻላል። በአንድ ከተማ መንገድ ላይ ቤቱን የተነጠቀና ቤቱን በፈቃዱ ቆልፎ የመጣ ሰው ይተላለፋሉ። ሁለተኛው የያዘው ትልቁ ሀብት ገንዘቡ ወይም ካሜራው አይደለም፤ መመለሻ ያለው መሆኑ ነው።

ታዲያ ለማየት የሚሄድ ሰው ምን ያያል? መጀመሪያ ቁልቁለቱን። መንገዱ በጅማ፣ በበደሌና በመቱ አድርጎ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ጎሬ ይደርሳል፤ ከቡሬ ወዲያ ጫካውን እየሰነጠቀ ወደ 500 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ጎሬ ላይ ጋቢ የለበሰ መንገደኛ ጋምቤላ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ከተማዋን ባሮ ለሁለት ይከፍላታል፤ አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። በድልድዩ ላይ ባጃጅና እግረኛ ይጋፋሉ፣ ከሥር ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን ይቀዝፋል፣ ከወንዙ የወጣው ዓሣ ምሳ ሰዓት ላይ ተጠብሶ ይቀርባል።

አኙዋኩ ወንዝ ዳር በቆሎና ማሽላ የሚያመርት አራሽና ዓሣ አጥማጅ ነው። ኑዌሩ ከብት አርቢ ነው፤ ክረምትን ከጎርፍ በራቀ ከፍታ መንደር ይከርማል፣ በጋ ሲገባ ከብቱን ነድቶ ውኃና ሣር ወዳለበት ይወርዳል። መዠንገሩ የጫካና የማር ሰው ነው፤ ደኑ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ኦፖና ኮሞም አሉ። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌርና ስለ አኙዋክ የጻፋቸው ሁለት መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1940 ታትመው በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሲነበቡ ኖረዋል። የባሕር ማዶ ተማሪ በስም የሚያውቀውን ሕዝብ የአዲስ አበባ ተማሪ የሚያውቀው በዜና ነው።

ዱሩም አለ። የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ከደቡብ ሱዳኑ የቦማ ፓርክ አካባቢ እየተሻገረ የሚመጣበት ነው። አፍሪካን ፓርክስ ከደቡብ ሱዳን መንግሥት ጋር ሆኖ ከአየር ላይ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ቆጠራ፣ በድንበሩ ማዶ ያሉት ቆርኬዎች 5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ገምቷል። የሴሬንጌቲን ጉዞ በቴሌቪዥን ያልተመለከተ የለም፤ ይህኛው ጓሮአችን ውስጥ ነው።

ችግሩ ጊዜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚሰጠው ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም፣ ያውም ቢበዛ ለአምስት ተከታታይ ቀናት ነው። የወዳጅ ሰርግ፣ የጎረቤት ለቅሶ፣ የልጅ ሕመምና የቀበሌ ጉዳይ ከዚያችው ፈቃድ ላይ ይቀነሳሉ። 770 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ሄዶ ለመመለስ ብቻ አራት ቀን የሚወጣበት ሰው ጋምቤላን በቅጡ ሊያይ አይችልም። ሊያይ ከፈለገ መልቀቂያ መጻፍ አለበት።

እንዲህ እንዳይሆን ሌላ መንገድ ሞክረን እናውቃለን። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹ በመምህርነት። የከተማ ልጅ አገሩን አየ፤ ያየው ድህነትም በተማሪው ንቅናቄ ውስጥ ድምፅ ሆኖ ወጣ። ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪው ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። በ1967 የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ግን ሌላ መልክ ነበረው፤ መንግሥት ብዙ ሺህ ወጣት በግዴታ አዘመተ፣ ከፊሉ ጥሎ ጠፋ፣ ከፊሉ ሕይወቱን አጣ። ከመጀመሪያው ሊወሰድ የሚገባው የመመለስ ዋስትናው ነው። ከሁለተኛው የሚወሰደው ትምህርት ደግሞ እንዲህ ያለ ጉዞ በፈቃድ እንጂ በትእዛዝ እንደማይሆን ነው።

ስለዚህ አንድ ተጨባጭ ሐሳብ ይቀርብ፦ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ሄዶ ወደ መደቡ የመመለስ መብት ይኑረው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ለምርምር ዕረፍት ሲወጣ የሚጮህ የለም፤ ለባንክ ገንዘብ ያዥና ለነርስ ለምን ይነፈጋል?

አሠሪው «ክፍት ቦታውን ማን ይሞላዋል?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በዚያው አዋጅ ውስጥ አለ። በፈቃድ ወይም በሕመም ለጊዜው የተለየን ሠራተኛ ለመተካት የተወሰነ ጊዜ የቅጥር ውል መዋዋል ይፈቀዳል። ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠ ተመራቂ በሞላበት አገር የአንድ ዓመት የሥራ ልምድ ለዚያ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ትንንሽ ድርጅቶች ይከብዳቸዋል፤ እነሱን በሠራተኛ ብዛት ለይቶ ነፃ ማድረግ ይቻላል።

ከባዱ ተቃውሞ የጸጥታው ነው። ጋምቤላ ታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ብዙ አኙዋኮች የተገደሉባት፣ ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎዳናዋ ላይ ተኩስ የተከፈተባት ከተማ ናት። መንገዱም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ይህን ሸፍኖ «ኑ ጎብኙ» ማለት ነውር ነው። ሆኖም መንገዱ ክፍት መሆኑን የክልሉን ቢሮና የአገሬውን ሰው ጠይቆ፣ ካልሆነ አቅጣጫ ቀይሮ መሄድ የሚችለው ጊዜ ያለው መንገደኛ ነው። ፈቃዱ ሊያልቅበት ሦስት ቀን የቀረው ሰው ይቸኩላል፣ የቸኮለ መንገደኛ ደግሞ ምክር አይሰማም።

አዋጅ እስኪሻሻል መጠበቅም የግድ አይደለም። አዋጁ ከሰጠው የተሻለ ፈቃድ በኅብረት ስምምነት መደራደር ይቻላል። የሠራተኛ ማኅበራት በደመወዝ ጭማሪና በሕክምና ላይ ሲከራከሩ ይህችን አንቀጽ አብረው ጠረጴዛ ላይ ቢያኖሯት አሠሪውን የምታስወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ደመወዝ አይከፈልባትምና። የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ካቆመና ሙቀቱ ሳይበረታ፣ አጎበራቸውን ይዘው ከቡሬ ቁልቁል ቢወርዱ «ተመደባችሁ እንዴ?» ለሚላቸው ሰው የሚያሳዩት የፈቃድ ደብዳቤ ይኖራቸዋል።